«ፈተና ክፍል ስገባ ያነበብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል»

ጥያቄ፦ «የ25 ዓመት ሴት ነኝ። በነርሲንግ በዲግሪ ተመርቄ ሸዋ ሮቢት ቤተሰቤ ጋር ነው ያለሁት። የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ፈተናን አንድ ጊዜ ተፈትኜ በትንሽ ነጥብ ወደቅሁ። ቤት ሳነብ ሁሉም ይገባኛል። ፈተና ክፍል ስገባ ግን ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጣቶቼን ይነዝረኛል፣ ያነበብኩት ሁሉ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ቀጣዩን ደብረ ብርሃን ነው የምፈተነው፤ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። እናቴ ‹ዓይን ነው፣ ጸበል ግቢ› ትለኛለች። አብራኝ የተመረቀች ጓደኛዬ ፕሮፕራኖሎል የሚባል የልብ ምት የሚያዘገይ ኪኒን ሰጥታኝ ‹ጠዋት አንድ ዋጥ አድርገሽ ግቢ› ብላኛለች። ሌሊት ለማንበብ ብዬ ጫት ጀምሬያለሁ። ይሄ በሽታ ነው? ኪኒኑን ልውሰደው? ወይስ ይሄን ዙር ልተወውና ረጋ ብዬ ተዘጋጅቼ ልፈተን?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ዙሩን አትተዪው፤ ተፈተኚ። «ይሄኛው ይለፈኝ» ባልሽ ቅጽበት ቅልል ይልሻል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። አእምሮሽ ከዚያ እፎይታ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መሸሽ አዳነኝ። በሚቀጥለው ዙር ፈተናው ያው ፈተና ሆኖ ሳለ ፍርሃቱ ጨምሮ ይጠብቅሻል። «አንድ ዙር ልለፈው» ብለው ሦስት ዙር ያለፋቸው ልጆች አውቃለሁ። ዕውቀታቸው እየሳሳ፣ ፍርሃታቸው እየወፈረ ነው የሄደው። ምክሬን የምቀይርበት ሁኔታ አለ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን በሽታ ነው ወይ ወዳልሽው። የጻፍሽው ሁሉ የሚመጣው ፈተና ላይ ብቻ ከሆነ በሽታ ብዬ አልጠራውም። ነርስ ነሽና ዝርዝሩን ታውቂዋለሽ። አእምሮ አደጋ አለ ብሎ ሲያስብ አድሬናሊን ይለቀቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ እጅ ያልባል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ጣቶችሽን የሚነዝርሽ ደግሞ ሳታውቂው ቶሎ ቶሎ ስለምትተነፍሺ ነው። በደምሽ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ያኔ ጣትና ከንፈር ይነዝራል፣ ራስ ቀለል ይላል። ደስ አይልም፤ ግን አይገድልም፣ አእምሮንም አያጠፋም። አንድ ነገር ግን አድርጊ። ልብሽ ያለ ምክንያትም የሚደልቅ ከሆነ፣ ወይም ክብደትሽ ከቀነሰ፣ ወይም ቶሎ የሚደክምሽ ከሆነ ሄደሽ ደምሽንና የታይሮይድ ዕጢሽን ተመርመሪ። ደም ማነስና የታይሮይድ ሕመም ጭንቀት መስለው ይመጣሉ። በደብዳቤ ደግሞ ማንንም መመርመር አልችልም።

«ይጠፋብኛል» ያልሽውን ላርመው። አይጠፋም። ከፈተናው ወጥተሽ ግቢውን ሳትለቂ መልሱ ትዝ ብሎሽ በንዴት አልነደድሽም? የጠፋ ነገር በ10 ደቂቃ ተመልሶ አይመጣም። የተዘጋብሽ መንገዱ ነው። ሰው በአንድ ጊዜ በሐሳቡ ይዞ ሊሠራበት የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ መጣብሽ እንበል፦ የ36 ሳምንት ነፍሰ ጡር፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ይዟት መጣች፣ የደም ግፊቷ 160/110 ነው፣ በሽንቷ ፕሮቲን ተገኘ፤ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? እዚህ ላይ ሳምንቱን፣ ግፊቱን፣ ምልክቱን፣ ሽንቱን፣ ከዚያ ደግሞ አራቱን ምርጫዎች አንድ ላይ መያዝ አለብሽ። በመሃል «ብወድቅስ? ሰፈር ምን ይላል? እናቴ ምን ትሆናለች?» የሚል ሐሳብ ይገባል። ይሄ ሐሳብ ቦታ ይይዛል። ሳምንቱን ወይም ግፊቱን ገፍቶ ያስወጣዋል። ተመልሰሽ ጥያቄውን ታነቢዋለሽ፣ አሁንም አይገባሽም፣ የባሰ ትደነግጫለሽ።

ተመራማሪዎች ይሄን ለሁለት ከፍለው የለዩት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። የፈተና ፍርሃት ሁለት ነገር ነው፦ አንዱ የሰውነት መረበሽ፣ ሌላው የሚብሰለሰል ሐሳብ። ውጤትን ይበልጥ የሚጎዳው ሁለተኛው ነው። ሰው ግን ሁልጊዜ ከልቡ ምት ጋር ነው ትግል የሚገጥመው። ጓደኛሽም ኪኒኑን የሰጠችሽ ለዚያ ነው።

ኪኒኑን መልሺላት። ፕሮፕራኖሎል ልብን ያዘገያል፣ የእጅን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፤ ይሄ እውነት ነው። «ብወድቅስ?» የሚለውን ሐሳብ ግን አይነካውም። አስም ያለበት ሰው ከወሰደው የአየር ቧንቧውን አጥብቦ ሊጥለው ይችላል። የልብ ምቱ ቀድሞም ዝግ ያለ ወይም ግፊቱ ዝቅ ያለ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ የሚሰማውን ምልክት ይደብቅበታል። ይሄን ሁሉ ለታካሚ የምታስረጂው አንቺ ነሽ፤ ለራስሽ ሲሆን እንዴት ይረሳል? ሐኪም አይቶሽ ካዘዘልሽ ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሪው ቤት ውስጥ ልምምድ በምትሠሪበት ቀን እንጂ በፈተናው ጠዋት አይደለም። ዳያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያማ ጭራሽ አታስቢው። ያረጋጋል፣ ግን ያደነዝዛል፣ ማስታወስንም ራሱን ያዳክማል። እንዲህ አድርገው ገብተው ወረቀቱ ላይ ያንቀላፉ አሉ።

አሁን ደስ የማይልሽን ልንገርሽ። የጣለሽ ፍርሃቱ ብቻ አይመስለኝም። «ቤት ሳነብ ሁሉም ይገባኛል» ብለሻል። ሀንድአውት ለአራተኛ ጊዜ ስታነቢ የሚገባሽ መልሱ ዓይንሽ ሥር ስለተቀመጠ ነው። መለየትና ማውጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ፈተና የሚጠይቅሽ ደግሞ ማውጣቱን ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት አለ። ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን አንድ ጊዜ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት በለጧቸው። ሰዓትሽን ብትቆጥሪ ከምታነቢው ጊዜ ውስጥ ራስሽን የምትጠይቂበት ከሩብ በታች እንደሚሆን እገምታለሁ። ስለዚህ ፈተና ክፍል የሚሰማሽ ፍርሃት ውስጥ ትንሽ እውነት አለ። ሰውነትሽ «ይሄን ነገር ተለማምጄው አላውቅም» እያለሽ ነው።

ለስድስቱ ሳምንት የምመክርሽ ይሄንኑ ነው፦ ፈተናውን ቤትሽ አስገቢው። ማስታወሻ ማንበቡን ጠዋት ላይ ወስኚው። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተሽ ጥያቄ ሥሪ፣ በሰዓት። ፈተናው በምርጫ የሚመለስና ብዙውን ጊዜ በታካሚ ታሪክ የሚጀምር ስለሆነ ልምምድሽም እንደዚያው ይሁን። መልሱን ስታዪ ትክክለኛው «ለ» መሆኑን ብቻ አይተሽ አትለፊ። «ሀ» ለምን እንደተሳሳተ፣ «መ» በየትኛው ታካሚ ላይ ትክክል እንደሚሆን በራስሽ አንደበት ተናገሪ። ጮክ ብለሽ። ቤተሰብ «ልጅቷ ብቻዋን ታወራለች» ቢልም ይበል። የሳትሽውን ደብተር ላይ ጻፊው፤ ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ሞክሪው። በቴሌግራም «የዘንድሮው ፈተና ወጥቷል፣ ይሄን ያህል ብር ላኪ» የሚልሽን ሰው ደግሞ ዝጊው። ብርሽን ይበላል፤ ያንን ሲያመነዥጉ ማደር ደግሞ የቀረሽን እርጋታ ይወስደዋል።

በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ፈተና ተፈተኚ። ፈተናው በሚሰጥበት ሰዓት፣ ጠንካራ ወንበር ላይ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ትተሽ። ከቻልሽ ከቤት ውጪ ይሁን፤ ቤተ መጻሕፍት ወይም የምታውቂው አስተማሪ የሚከፍትልሽ ባዶ ክፍል ጥሩ ነው። ሁለት ሦስት ሰው አብሮሽ ቢፈተን ደግሞ የተሻለ፣ ምክንያቱም ጎረቤትሽ ገጽ ሲገልጥ የሚሰማሽን ድንጋጤም መልመድ አለብሽ። በኮምፒውተር የምትፈተኚ ከሆነ ልምምዱንም ስክሪን ላይ አድርጊው።

ከዚህ ጋር ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ልምምድ አለ። ባለሽበት ቆመሽ አንድ ደቂቃ ያህል በፍጥነት ሩጪ። ልብሽ እየደለቀ፣ ትንፋሽሽ እየተቆራረጠ ቁጭ በይና አምስት ጥያቄ ሥሪ። መጀመሪያ ያስቅሻል። ሁለተኛውን ጥያቄ ስታነቢ እጅሽ እስክሪብቶውን በደንብ አይይዝም። አራተኛው ላይ ስትደርሺ ልብሽ እየመታም መልሱን እያወጣሽ መሆኑን ታዪያለሽ። አእምሮሽ እንዲማር የምንፈልገው ይሄንን ነው፤ የልብ ምት የሐሳብ ጠላት አይደለም። በየቀኑ አድርጊው። የልብ ሕመም ወይም አስም ካለብሽ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን ተዪው።

የምትፈተኚበት ቦታ ራሱ ያመጣው ነገርም አለ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ። በደብረ ሲና አድርገሽ ጣርማበርን ስትወጪ በአንድ ጉዞ 1,500 ሜትር ያህል ወደ ላይ ሄደሻል ማለት ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ትንፋሽና የልብ ምት ትንሽ ይጨምራል። ብርዱም አለ፤ በጥቅምትና በኅዳር ከሆነማ ጠዋት ውርጭ ነው። የቆላ ልጅ በስስ ሹራብ ጠዋት የፈተና በር ላይ ቆማ እጇ ሲንቀጠቀጥ «ፈራሁ» ትላለች። ፍርሃትም ይኖራል፤ ግማሹ ግን ብርድ ነው! ስለዚህ ዘመድ ካለሽ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ቀድመሽ ሂጂ። ጋቢም ሆነ ወፍራም ጃኬት ያዢ፣ ጣትሽ እንዳይደርቅ ጓንትም አይከፋም። በዋዜማው የፈተናውን ቦታ በእግርሽ ሄደሽ እዪው። በዕለቱ ጠዋት ከሸዋ ሮቢት ተነስቼ እደርሳለሁ የሚለውን እርሺው። መኪና ይዘገያል፣ ጣርማበር ላይ ጉም ይወርዳል፤ አንቺ ደግሞ ሰዓትሽን እያየሽ ገና ሳትገቢ ታልቂያለሽ።

ጫቱን ዛሬ አቁሚ። እንዲያው ለመምከር ያህል አይደለም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር ልብን ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ ሲለቅ ደግሞ ድብርትና መነጫነጭ ያመጣል። አንቺ የምትፈሪውን ስሜት በየሌሊቱ በገዛ እጅሽ እየጠራሽው ነው። በምርቃና የገባሽ የሚመስልሽ ነገር ጠዋት ሲጠየቅ አይወጣም። ስታቆሚ ጥቂት ቀን ድካምና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ይኖራል። ለዚያ ነው ዛሬ ያልኩሽ፤ የፈተናው ሳምንት ላይ ብታቆሚው ድካሙ እዚያ ይደርስብሻል። ቡናን አላስቆምሽም፣ ከለመድሽው በድንገት ብታቆሚ ራስሽን ያምሻል። ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ቡና ወደ ግማሹ የሚጠጋው ከምሽቱ 3 ሰዓትም ደምሽ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ከሰዓት በኋላ ሲፈላ አንቺ ቆሎውን ብዪ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ማንበብም ይቅር። ቀን የተማርሽው የሚረጋው በእንቅልፍ ነው፤ ሌሊቱን ቆርጠሽ የጨመርሽው ሦስት ሰዓት የቀኑን ሥራ ይበላዋል።

ስለ እናትሽ። ጸበሉን አልከለክልም። ጻድቃኔ ማርያምም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዶ መንፈሱ የተረጋጋለት ሰው ብዙ ነው፤ የተረጋጋ መንፈስ ደግሞ ለፈተና ይጠቅማል። የምጠይቅሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከስድስቱ ሳምንት ሁለቱን ጸበል ቦታ ሰንብተሽ እንዳትጨርሺው። ሁለተኛ፣ «ዓይን ነው» የሚለውን ይዘሽ ፈተና ክፍል አትግቢ። ምክንያቱ የሰው ዓይን ከሆነ አንቺ የምትሠሪው ነገር የለም ማለት ነው፤ ከዚያ አልፎ አጠገብሽ የተቀመጠውን ሁሉ መጠርጠር ይመጣል። ለእማማ ከእሷ የምትፈልጊውን ንገሪያት፦ «ጸልዪልኝ፣ ግን ለጎረቤት የፈተናውን ቀን አትንገሪብኝ።» ሃያ ሰው «እንዴት ሆነልሽ?» ብሎ እንደሚደውል እያወቁ መፈተን ሌላ ሸክም ነው። ፈተናው ጾም ላይ ከዋለ ደግሞ ባዶ ሆዴን ልግባ አልግባ የሚለውን ቀደም ብለሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ጨርሺው፤ በዕለቱ ጠዋት ከራስሽ ጋር አትከራከሪ።

የፈተናው ጠዋት በር ላይ ተሰብስበው «ስለ ሾክ አንብበሻል? እሱ በእርግጠኝነት ይመጣል» የሚባባሉት ጋር አትቁሚ። ሰላም ብለሽ እለፊ። ጥግ ይዘሽ ወረቀት ላይ የፈራሽውን ነገር ሁሉ አሥር ደቂቃ ያህል ጻፊ፣ ሳታሳምሪ። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይሄን ሞክረው፣ በተለይ በጣም የሚጨነቁት ተማሪዎች ውጤት እንደተሻሻለ አሳይተዋል። ሁሉም ላይ ይሠራል አልልም፤ ግን ዋጋው አንድ ወረቀት ነው። ቀደሽ ጥለሽው ግቢ።

ውስጥ ሆነሽ ጭልጥ ሲልብሽ ጥያቄውን አምስት ጊዜ አትደጋግሚ። እጅሽን ከወረቀቱ ወይም ከኮምፒውተሩ ላይ አንሺ፣ ሁለቱንም እግርሽን መሬት አስነኪ፣ ትንፋሽሽን ካስገባሽበት ጊዜ አስረዝመሽ አስወጪ። አራት ቆጥረሽ ብታስገቢ ስድስት ቆጥረሽ አስወጪ። አምስት ዙር በቂ ነው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ያንን ጥያቄ ምልክት አድርገሽበት ወደሚቀጥለው እለፊ። አንድ ቀላል ጥያቄ ስትመልሺ መንገዱ ይከፈታል። ስትመለሺ «መጀመሪያ የመለስኩትን አልነካም» የሚለውን የተማሪ ሕግ አትከተዪ። ለአሥርት ዓመታት የተሠሩ ጥናቶች የሚያሳዩት ተቃራኒውን ነው፤ የተለወጡ መልሶች ይበልጥ የሚሄዱት ከስህተት ወደ ትክክል ነው። ምክንያት ካገኘሽ ለውጪ፣ በድንጋጤ ብቻ ግን አትለውጪ። መመሪያውን አንብቢና ለተሳሳተ መልስ ነጥብ የማይቀነስ ከሆነ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር።

ይሄ ሁሉ ልክ አለው። ልምምዱ ፍርሃቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በስድስተኛው ሳምንትም ልብሽ ይመታል፤ ልዩነቱ እየመታም ትሠሪያለሽ። ያላነበብሽውን ደግሞ የትኛውም አተነፋፈስ አያስታውስሽም።

ምክሬን የምቀይረው እንዲህ ከሆነ ነው። ድንጋጤው ከፈተና ውጪም፣ ገበያ ላይ ወይም ተኝተሽ የሚመጣብሽ ከሆነ። ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለሽ፣ ለቅሶ ከበዛ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ። ወይም «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ አንዴም ቢሆን ከመጣብሽ። ያኔ ፈተናው ይቆይ፣ ሐኪም ይቅደም። ሞትን ካሰብሽ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው ተናገሪና አብሮሽ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ይሂድ። ሌላው ከሆነ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሂጂ። ጭንቀትም ሆነ ድብርት በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም ይታከማል፤ ፋይልሽ ላይ ይጻፋል ብለሽ ፈርተሽ ከመታከም አትቅሪ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለብሽ ግን ምዝገባሽን አትሰርዢ፤ የመጀመሪያውን የሙከራ ፈተናሽን የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ተፈተኚ።